አሮጌው ሃርድ ዲስክ በአዲሱ ኮምፒውተር፦ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

አዲስ ዴስክቶፕ ያስገጣጠመ ሰው የድሮውን ሃርድ ዲስክ ምን ላድርገው ማለቱ አይቀርም። ፎቶው፣ የሠርግ ቪዲዮው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። አንዱ መንገድ ዲስኩን ከነዊንዶውሱ ነቅሎ አዲሱ ላይ መሰካት ነው። ሁለተኛው፣ ያለውን በሙሉ አዲስ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ አዲሱ ዓይነት ማስቀመጫ) ላይ መገልበጥ፣ ማለትም ክሎን ማድረግ። ሦስተኛው፣ ዊንዶውስን ኤስኤስዲ ላይ እንደ አዲስ ጭኖ አሮጌውን የዳታ ማስቀመጫ ማድረግ። እኔ ሦስተኛውን ነው የምመርጠው።

ነቅሎ መሰካት ወጪ የለውም። ዊንዶውስ 10 እና 11 አብዛኛውን ጊዜ አዲሱን ማዘርቦርድ ለምደው ይነሳሉ። ዊንዶውስ 7 ከሆነ ግን ሰማያዊ ስክሪን ጠብቁ። ቢነሳም ፍጥነቱን እርሱት። ደህና ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፤ በሳታ፣ ማለትም በቆየው የዲስክ ማገናኛ፣ የሚሠራ ኤስኤስዲ እስከ 550፣ በአዲሱ ማገናኛ የሚሠራው ፈጣን ኤንቪኤምኢ ደግሞ ከ7,000 በላይ ሊደርስ ይችላል። ዋናው ልዩነት ግን ትንንሽ ፋይሎች ላይ ነው። የሃርድ ዲስኩ መርፌ ለእያንዳንዱ ፋይል ቦታ መቀያየር አለበት፤ ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ውድ ፕሮሰሰር ገዝታችሁ ከሃርድ ዲስክ ካስነሳችሁት ገንዘባችሁን ውሃ በላው። በዚያ ላይ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ አሮጌ ዊንዶውስ አዲስ ማሽን ላይ ማዛወሩ ብዙም አይታየኝም።

ክሎን የሚያዋጣው መጫኛው የጠፋ ፕሮግራም ላለው ሰው ነው። ለምሳሌ የድርጅቱን ሂሳብ ለዓመታት በፒችትሪ ሲሠራ ኖሮ ሲዲውም ቁልፉም የት እንደገባ የማያውቅ። እሱንም ቢሆን አንዳንድ ፕሮግራሞች አዲስ ማሽን ሲያዩ ፈቃድ እንደገና ይጠይቁታል። የቆየ ዲስክ ብዙ ጊዜ በኤምቢአር፣ በድሮው የዲስክ አከፋፈል ዘዴ፣ የተከፋፈለ ነው፤ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ደግሞ አዲሱን ዘዴ፣ ጂፒቲን፣ ይፈልጋሉ። ክሎን አልነሳም ካለ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው። ዲስኩ መንቋቋት ከጀመረ ግን ክሎኑን ተዉት፤ ቅድሚያ አስፈላጊ ፋይሎችን ኮፒ አድርጉ።

ወደ ሦስተኛው ስንመጣ፣ ዊንዶውስ ስትጭኑ የአሮጌውን ዲስክ የሳታ ኬብል ንቀሉት። ተሰክቶ ከቆየ ዊንዶውስ የማስነሻ ፋይሎቹን እሱ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከወራት በኋላ አሮጌውን ስታወጡ አዲሱ ኮምፒውተር አልነሳም ይላል፤ ኤስኤስዲው ተበላሸ ብላችሁ ሌላ ልትገዙ ትችላላችሁ። ጭናችሁ ስትጨርሱ አጥፍታችሁ መልሳችሁ ሰኩት። የድሮውን ፎልደር ስትከፍቱ «ፈቃድ የለህም» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ቀጥል የሚለውን ተጫኑ። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ከተቆለፈ ግን ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ የድሮውን ኮምፒውተር ሳትፈቱ በፊት ያዙ። ያለሱ ዳታው አይከፈትም።

የትኛው ኤስኤስዲ? ማዘርቦርዳችሁ የኤም ዶት ቱ ቦታ (ኤስኤስዲው ያለ ኬብል በቀጥታ የሚሰካበት) ካለውና የዋጋ ልዩነቱ ካልከበዳችሁ ኤንቪኤምኢ ውሰዱ። ለቢሮ ሥራና ለኢንተርኔት የሳታውም ከበቂ በላይ ነው። ሻጩን ግን በደንብ ጠይቁት፤ ኤም ዶት ቱ ሆኖ ውስጡ ሳታ የሆነም አለ፣ ሲታዩ መንታ ናቸው። ሌላም ነገር አለ፦ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ኤም ዶት ቱው ሲያዝ አንድ ወይም ሁለት የሳታ ፖርት ይጠፋል። አሮጌው ዲስክ አልታይ ሲል ዲስኩን ከመወንጀላችሁ በፊት ሌላ ፖርት ላይ ሞክሩት።

ዲስኩን ውስጥ ማስገባት የማትፈልጉ በዩኤስቢ ሳጥን ተጠቀሙ። የላፕቶፑ፣ ባለ 2.5 ኢንቹ፣ ብዙ ጊዜ ከዩኤስቢው በሚያገኘው ኃይል ይሠራል። ባለ 3.5 ኢንቹ የራሱን አዳፕተር ይፈልጋል፤ አዳፕተር የሌለው ሳጥን ቢረክስም አይጠቅማችሁም። ከሳታ በፊት የነበረው ባለ 40 ፒኑ አይዲኢ ዲስክ ደግሞ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ መሰኪያ የለውም፤ ቀላሉ ማውጫ ኃይል ያለው የዩኤስቢ መቀየሪያ ነው።

ከሁሉም በፊት የዲስኩን ጤንነት በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እዩት፤ ነፃ ፕሮግራም ነው። ቢጫ ካሳየ ዲስኩ ላይ ብቻ ያለ ነገር አታስቀምጡ። ያገለገለ ዲስክ ልትገዙ ከሆነም የሠራበትን ሰዓት እዚያው ታገኛላችሁ። 20,000 ሰዓት ማለት ሳይጠፋ ከሁለት ዓመት በላይ የዞረ ማለት ነው፤ ሻጩ «አዲስ ነው» ቢላችሁ ስክሪኑን አሳዩት።

ኬዝ ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ውስጡን ከፍታችሁ እዩ። የዛሬ ትንንሽና መስታወት የበዛባቸው ኬዞች አንዳንዶቹ ለባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ቦታ የላቸውም።