የእንቅልፍ አፑ አልጋዬን ቀማኝ (ከ5 ኮከብ 4)

እኔ በሳምንት 4 እና 5 ሌሊት ጣራ ጣራውን እያየሁ የማነጋ ሰው ነበርኩ፣ ቢያንስ 3 ሌሊት ሆኖ 3 ወር ካለፈ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ነው ይላሉ፣ እና ማዕረጉ ይገባኛል። መጀመሪያ እንቅልፍ የሚለካ ሰዓት አስሬ ነበር፣ እሱ ጭራሽ አባሰብኝ፣ ጠዋት ደህና ሆኜ ተነስቼ ስኮሩን ሳይ 54 ይለኛል በቃ ቀኑን ሙሉ ድክም።

ይሄኛው አፕ የዝናብ ድምፅ ምናምን የለውም። ሲቢቲ አይ በሚባለው፣ ያለ መድኃኒት የእንቅልፍ ልማድንና ሐሳብን በሚያስተካክል ሕክምና ነው የሚሰራው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ የሚባለው የሐኪሞች ማኅበር ከመድኃኒት በፊት ይሄ ይሞከር ያለው ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት መቼ ተኛሁ መቼ ነቃሁ እያልኩ ስሞላ ከረምኩ፣ ከዛ 9 ሰዓት አልጋ ላይ ሆነህ የምትተኛው 5 ሰዓት ተኩል ነው፣ ስለዚህ ከሌሊቱ 6:30 በፊት አልጋ የለም፣ ጠዋት 12 ላይ መነሳት አለብህ አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ ብዬ ብመጣ አልጋዬን ቀማኝ እኮ! ነገሩ ግን የእንቅልፍ ረሃብ እንዲጠራቀምና አልጋው መገላበጫ መሆኑ እንዲቀር ነው፣ አልጋ ላይ ካለፈው ጊዜ 85 ፐርሰንቱን ከተኛህ 15 ደቂቃ ይጨምርልሃል።

20 ደቂቃ ገደማ እንቅልፍ እምቢ ካለም ተነስ ነው የሚለው፣ ሰዓት ሳታይ በግምት። ሁለተኛው ሳምንት ሲኦል ነበር፣ በደብዛዛ መብራት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ካልሲ ጥንድ ጥንዱን እየፈለግኩ ስጠቀልል፣ አሁን ቤት ውስጥ ብቸኛ ካልሲ የለም። ሦስተኛው ላይ ግን ካልሲውን እንደያዝኩ ጭንቅላቴ ሲወድቅ ገባኝ።

6ኛው ሳምንት ላይ አልጋ ላይ የማሳልፈው 6 ሰዓት ከሩብ ነው፣ ከዛ ውስጥ የምተኛው 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ፣ ከድሮው ብዙም አልበለጠም ግን አይቆራረጥም፣ ልዩነቱን ያየ ያውቀዋል።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት፣ የሚጥል በሽታ ወይ ባይፖላር ያለበት ሰው እንቅልፍ መቀነስ ሊጎዳው ስለሚችል ሐኪም ያማክር የሚለውን ሴቲንግ ውስጥ ቀብረውታል፣ መኪና የሚነዳም በነዛ ሳምንታት ይጠንቀቅ፣ ይሄ መመዝገቢያው ላይ መጠየቅ ነበረበት። ደግሞ ማታ 5 ሰዓት ላይ ስልኬ ቲንግ ብሎ ቦግ ይልና «ስልክዎን ያስቀምጡ» ይለኛል። ኖቲፊኬሽኑን ዘግቼዋለሁ።