የሂት ፕሬስ አሻራ በፖሊስተር ቲሸርት ላይ፦ ፎም፣ ትራስ ወይስ ሲሊኮን?

ቲሸርቱ ከሂት ፕሬሱ፣ ማለትም ወረቀት ላይ ያለን ምስል በሙቀትና በጫና ወደ ጨርቅ ከሚያሳልፈው ማሽን፣ ሲወጣ ቀለሙ ቁልጭ ብሏል። ወደ መብራት ዘንበል ስታደርጉት ግን በምስሉ ዙሪያ የወረቀቱን ቅርጽ የያዘ ቀጭን መስመር ብቅ ይላል። ደንበኛው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ያን መስመር ለማጥፋት ስሞክር ብዙ ቲሸርት አበላሽቻለሁ፤ ስለዚህ ገንዘባችሁን ምን ላይ ብታወጡ እንደሚሻል ልንገራችሁ።

ሰብሊሜሽን፣ ማለትም የወረቀቱን ቀለም በሙቀት ወደ ጋዝ ቀይሮ ክሩ ውስጥ የማስገባት የኅትመት ዘዴ፣ ከ190 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። ፖሊስተር በዚህ ሙቀት አይቀልጥም፣ ግን ይለሰልሳል። የወረቀቱ ወይም የማሽኑ ጠርዝ ያረፈበት ክር ያኔ ይደፈጠጣል፤ ሲቀዘቅዝም እንደተደፈጠጠ ይቀራል። ብዙ ሰው ሙቀቱን ብቻ ይቀንሳል። ዋናው ጣጣ ያለው ግን ጠርዙ ላይ በሚያርፈው ጫና ነው።

የእኔ ምርጫ ፎም ነው። ሙቀት የሚችል ስፖንጅ ማለት ነው፤ ተራ የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም። ቲሸርቱ ውስጥ፣ ከሚታተመው ቦታ ስር ታስገቡታላችሁ። ሚስጥሩ አቆራረጡ ላይ ነው። ከምስሉ ትንሽ ሰፋ፣ ከወረቀቱ ደግሞ ጠበብ አድርጋችሁ ቁረጡት። የወረቀቱ ጠርዝ ከፎሙ አልፎ ስለሚንጠለጠል የሚጫነው ነገር አይኖርም፤ ስለዚህ መስመሩ አይወጣም። ፎሙ ውፍረት ስለሚጨምር የማሽኑን ጫና ላላ አድርጉ። ችግሩ ለእያንዳንዱ የምስል መጠን የራሱ ቁራጭ መፈለጉ ነው። ቀለምም ስለሚጠጣ በእሱና በቲሸርቱ መካከል ንጹሕ ወረቀት ጣል አድርጉ፤ አለዚያ የትናንቱ ሥራ ቀለም የዛሬው ቲሸርት ላይ ያርፋል።

በቴፍሎን የተሸፈነው ትራስ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ይመቻል። ግን አይቆረጥም። ወረቀታችሁ ከትራሱ ካነሰ ጠርዙ መጫኑ አይቀርም፤ መስመሩ ቢደበዝዝም ይታያል። ዚፕ፣ ቁልፍ ወይም ወፍራም ስፌት ያለበት ልብስ ላይ ግን ከፎም ይበልጣል፤ ጉብታውን ውጦ ቦታውን ያስተካክላል። ሥራችሁ በአብዛኛው ኮሌታና ቁልፍ ያለው ቲሸርት ወይም ሁዲ ከሆነ ትራሱን ግዙ።

የሲሊኮን ምንጣፍ ዕድሜው ረጅም ነው። ለዚህ ችግር ብላችሁ ግን አትግዙት። ጠንከር ስለሚል ጠርዙ ሰምጦ እንዲያርፍ አያደርግም።

ምንም ሳትገዙ የምትሞክሩትም አለ። የወረቀቱን ጠርዝ በመቀስ አትቁረጡት፤ በእጅ ቅደዱት። የተቀደደ ጠርዝ እየሳሳ ስለሚያልቅ ስለታም መስመር አይተውም። ሙቀቱን ወደ 190 አውርዳችሁ ጊዜውን ወደ 60 ሰከንድ ማስጠጋትም ይረዳል፤ መጀመሪያ ግን በተረፈ ጨርቅ ሞክሩት። ወረቀቱን በቴፕ ከያዛችሁ ቴፑ ራሱ አሻራ ስለሚተው ከፎሙ ውጪ አድርጉት። እኔ ስስ የስፕሬይ ሙጫ ይሻለኛል፤ ማሽኑ ሲከፈት ወረቀቱ ተንሸራቶ ምስሉ ጥላ እንዳይሠራ ይይዝልኛል።

መስመሩ ቀድሞ ከወጣ የካውያውን እንፋሎት ጨርቁን ሳታስነኩ ልቀቁበትና በእጃችሁ ሳብ ሳብ አድርጉት። ቀላል ከሆነ ይነሳል። ክሩ እንደ ፕላስቲክ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን አይመለስም።