ዱባይ ብቻችሁን ለምትሄዱ እህቶች፦ ፒንክ ታክሲ ያዙ፣ ሾፌሯንም አመስግኑልኝ

ዱባይ ብቻችሁን ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን አንብቡት። ከኤርፖርት ስትወጡ ጣሪያው ሮዝ የሆነውን ታክሲ ፈልጉ። ፒንክ ታክሲ ይሉታል፣ ሌዲስ ታክሲም ይባላል። የሚነዱት ሴቶች ናቸው፣ የሚጭኑትም ሴቶችንና ቤተሰብን ነው፤ ወንድ ለብቻው አይሳፈርበትም። ቆጣሪ ያለው፣ የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚቆጣጠረው ሕጋዊ ታክሲ ነው።

እኔን የጫነችኝ ሾፌር ያደረገችልኝን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስሟንና ስልኳን ግን አልጽፍም። ሳስፈቅዳት «ምስጋናውን በደስታ እቀበላለሁ፣ ስልኬን ግን እንዳታወጪው» ብላኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ልብስና የቤት እቃ አምጥቼ ነው የምሸጠው። አብራኝ ልትሄድ የነበረችው ጓደኛዬ ልጇ ታመመባትና ቀረች። ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ቀብድ የከፈሉ ደንበኞች ይጠብቃሉ፣ ስለዚህ ብቻዬን ሄድኩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ተርሚናል 1 ነው። ሜትሮው፣ የከተማው ባቡር ማለት ነው፣ ደጃፉ ላይ አለ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም፤ እኔ ስደርስ ተዘግቷል። መውጫው ላይ አንድ ሰውዬ ሻንጣዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፣ መኪና አለኝ፣ በርካሽ አደርስሻለሁ አለ። እንዲህ አይነቱን አትስሙ። ቀጥታ ወደ ታክሲው ሰልፍ ሂዱና አስተናጋጁን «ሌዲስ ታክሲ» በሉት፣ ይገባዋል።

ሮዝ ሻሽ ያሰረች ሴት ወርዳ ሻንጣዬን ጫነች። ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ በመስታወት አየችኝና «ሐበሻ ነሽ አይደል?» አለችኝ። የወሎ ልጅ ናት። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሆቴሌ ዴይራ፣ ናይፍ ሰፈር ነበር፤ ነጋዴ ሁሉ የሚያርፍበት ማለት ነው። ማን እንደሚቀበለኝ ጠየቀችኝ። ማንም አልኳት። ከዛ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ እኔ ሆነ። «ለማንም ብቻዬን ነኝ እንዳትይ፣ እህቴ ነገ ትገባለች በይ። ሪሴፕሽኑ የክፍል ቁጥርሽን ጮክ ብሎ ከተናገረ ሌላ ክፍል ስጠኝ በይው። ፎቅ ላይ እንጂ ምድር ቤት አትቀበዪ።»

ሆቴሉ ያለው ቀጭን ቅያስ ውስጥ ነው። በሩ ላይ የቆሙ ወንዶች ነበሩ፣ አንዱ ገና ስንወርድ ያፏጭ ጀመር። እሷ ቆጣሪውን ዘጋች፣ ወረደች፣ አንዱን ሻንጣ ራሷ እየጎተተች እስከ ሪሴፕሽኑ ድረስ አብራኝ ገባች። የሪሴፕሽኑ ልጅም እንዳለችው፣ ሰው በተሰበሰበበት ሎቢ ውስጥ የክፍሌን ቁጥር በሙሉ ድምፁ ጠራው። በአረብኛ ጠበቅ አድርጋ ተናገረችው። አንገቱን ደፋና ሌላ ቁልፍ አወጣ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። እሱም አልበቃትም። «ወደ ክፍልሽ ውጪና በሩን አይተሽ ደውዪልኝ፣ እዚሁ እጠብቃለሁ» አለች። እውነትም የበሩ መቀርቀሪያ ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ ነበር የቀረው። ደወልኩላት፣ ክፍሉ ድጋሚ ተቀየረ። የሆቴሉን ስም ልተወው። ይሄ ሁሉ ሲሆን እሷ ሥራዋን አቁማ ነው የቆመችው፣ ሌላ ሰው ብትጭን የምታገኘውን ገንዘብ ትታ። ለሻይ ብዬ የጨመርኩላትን መለሰችልኝ። «እኔ ስመጣ እንዲህ የሚያደርግልኝ ሰው አልነበረም» አለችኝ።

ስለ ክፍያው፦ ከኤርፖርት ሲነሳ ቆጣሪው 25 ዲርሃም ላይ ይጀምራል፣ አትደንግጡ፣ ለሁሉም ታክሲ እንደዛ ነው። ከተማ ውስጥ መነሻው ከዚህ በጣም ያንሳል። ችግሩ ፒንክ ታክሲዎቹ ጥቂት መሆናቸው ነው። መንገድ ላይ እጅ አውጥቶ ማግኘት ይከብዳል፣ ስለዚህ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ስልክ 800 9090 ላይ ደውላችሁ ጠይቁ። ካጣችሁ መደበኛው ታክሲም ችግር የለውም፤ ብቻ ከመግባታችሁ በፊት የታክሲውን ቁጥር ፎቶ አንሱና ለቤተሰብ ላኩ። ይሄንንም ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ቀን ቀን ሜትሮ ተጠቀሙ። ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ የተለየ ቦታ አለው፣ ወለሉ ላይ በሮዝ ተለይቷል። እዛ የገባ ወንድ 100 ዲርሃም ይቀጣል። አንዱ ሳያስተውል ሲገባ ሴቶቹ ዝም ብለው ምልክቱን በጣት አሳዩት፣ ይቅርታ ብሎ ወጣ። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ላይ ጠዋት ጠዋት የሚደርስብንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ እኛም አንድ ቀን ቢኖረን። የመሳፈሪያ ካርዱ ኖል ይባላል፣ ሲልቨሩን በ25 ዲርሃም ትገዙታላችሁ፣ 19ኙ ሂሳብ ሆኖ ውስጡ ይገባል። ድራጎን ማርት፣ ትልቁ የቻይና እቃ ገበያ፣ የምትሄዱ ግን እቃ ይዛችሁ ስለምትመለሱ ታክሲው ይሻላል።

ፖሊስ 999 ነው። መንገድ ላይ ሴትን መልከፍ እዛ አገር ወንጀል ነው፣ ስለዚህ የሚከተላችሁ ሰው ካለ ለመደወል አታመንቱ። ገንዘባችሁን አንድ ቦታ አትያዙ፣ ፓስፖርታችሁንም ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሌሊት የሚገባ በረራ የያዛችሁ፣ ማን እንደሚያደርሳችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ። ካርጎና ዋጋ በተመለከተ ኮሜንት ላይ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ይሄ ጽሁፍ ከደረሰሽ፣ እናትሽ ጋር ያለችውን ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። በቅርቡ ለእቃ ስመለስ የምደውለው አንቺ ጋ ነው፣ በርበሬውንና ሽሮውንም ይዤልሽ እመጣለሁ።