ጣሊያንኛ ላስተማሩኝ ጋሼ ምስጋና፣ ለተጓዦችም ጥቆማ

ትናንት ከሮም ተመለስኩ። ሻንጣዬን ሳልፈታ ይህን ልጻፍ ብዬ ነው።

ከመሄዴ በፊት ሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ጣሊያንኛ ያስተማሩኝ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። «ስሜን አደባባይ አታውጪብኝ» ስላሉኝ አልጽፈውም። ሥራቸውን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከእሳቸው በፊት አንድ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ግስ ስናረባ ከረምን። መንገድ መጠየቅ ግን አልቻልኩም።

ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ደብተር እንኳ አላስወጡኝም። «ስንት የጣሊያንኛ ቃል ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። «ፌርማታ አታውቂም? ቦርሳስ? ጎማስ?» አሉኝ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ስኩዚ፣ ዶቬ ላ ፌርማታ?» ማለት ቻልኩ። ይቅርታ፣ ፌርማታው የት ነው? ማለት ነው። ለእኩያ ሲሆን ደግሞ «ስኩዛ» ይባላል። አንተና እርስዎ ብሎ ላደገ ሰው ይህ ምኑም አይከብድም።

«ጥያቄውን ማንም ይሸመድደዋል፤ ጉዱ መልሱ ሲመጣ ነው» ይላሉ። ስለዚህ እኔ ስጠይቅ እሳቸው እንደ ሮም ሰው በፍጥነት ይመልሱልኛል። ሴምፕሬ ዲሪቶ፣ ቀጥ ብለሽ። አ ዴስትራ፣ ወደ ቀኝ። አ ሲኒስትራ፣ ወደ ግራ። ካልገባኝ አይደግሙልኝም። «ፑዎ ሪፔቴሬ?»፣ ሊደግሙልኝ ይችላሉ? ብዬ በጣሊያንኛ መለመን አለብኝ።

ምክር መጠየቂያው «ኬ ኮዛ ሚ ኮንሲልያ?» ነው፤ ምን ይመክሩኛል? ሆቴልም ምግብ ቤትም ይሠራል። ምክር ለመስጠት «ሌ ኮንቪዬኔ»፣ ይሻልዎታል። በጣም የወደድኩት ግን «አል ፖስቶ ሱዎ» የሚለውን ነው። በእርስዎ ቦታ ብሆን ማለት ነው፤ ቁርጥ የእኛው አነጋገር!

ሮም ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ የሚባል አደባባይ አለ፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። ስሙ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተገደሉት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ጋሼ «ስትደርሺ ቆም በይ» ብለውኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ሲያልፍ እኔ ብዙ ቆምኩ።

ከዚያ ኦርቪዬቶ ወደምትባል ከተማ ልሄድ ትኬት ቆረጥኩ። ልሳፈር ስል አንድ ሽማግሌ «ዴቬ ቲምብራሬ ኢል ቢልዬቶ!» አሉኝ። ቲምብራሬ ሲሉ ቴምብር የሚለው ቃላችን ትዝ አለኝ፤ ገባኝ። የክልል ባቡር የወረቀት ትኬት ከመሳፈር በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን መመታት አለበት። ሳያስመቱ መሳፈር ያስቀጣል። ሮጬ አስመታሁ፣ ባቡሩም አላመለጠኝም።

በመጨረሻው ቀን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ቴርሚኒ ቆሜ ሳለ ከባሪ ከተማ የመጡ እናት ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚሄዱ እኔን ጠየቁኝ። እኔን! «ሌ ኮንቪዬኔ ላ ሜትሮ አ። ሸንዳ አ ኦታቪያኖ» አልኳቸው። የምድር ባቡሩ ኤ (A) መስመር ይሻልዎታል፣ ኦታቪያኖ ጣቢያ ይውረዱ ማለቴ ነው። ጉንጬን ዳበስ አድርገው «ብራቫ» ብለውኝ ሄዱ። ደስታዬን መናገር አልችልም።

ለጉዞ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ለሥራ ጣሊያን የምትሄዱ ካላችሁ እኚህን ሰው ያዙ። ትዕግሥታቸው ልዩ ነው፣ ክፍያቸውም አይከብድም፣ በስልክም ያስተምራሉ። ለፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ ግን ሌላ መምህር ፈልጉ፤ እሳቸውም ይህንኑ ነው የሚነግሯችሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኦርቪዬቶውን ትኬት አልጣልኩትም። የተመታበት ምልክት እንዳለ ነው፤ ቅዳሜ ይዤልዎት እመጣለሁ።