ሦስት ስኬል ያለው የግፊት ጌጅ፦ ከ6 ወር በኋላ

ኮምፕሬሰሬ አሮጌ ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ብረት ከፍተኛውን ግፊት የሚናገረው በባር ሳይሆን 8 ኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር ብሎ ነው። ስለዚህ ባር፣ ኪሎ (ኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትርን አጠር አድርጌ ልጥራው) እና ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ለየብቻ የተጻፉበት ጌጅ ፈልጌ ገዛሁ። ወድጄዋለሁ።

የወደድኩት በተለይ ባርንና ኪሎን ስላልቀላቀለ ነው። 1 ኪሎ፣ ቴክኒካል አትሞስፌር የሚባለው፣ 0.980665 ባር ነው። ልዩነቱ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ አንዳንድ ጌጆች አንድ ስኬል ብቻ ይስሉና ባርም ኪሎም ብለው ይጽፉበታል፤ የቀድሞው ጌጄ እንደዚያ ነበር፣ የቱን እንደሚያነብ አይታወቅም። አዲሱን ገና ሳልገዛው 10 ቁጥር ከፒኤስአዩ ጋር የት እንደሚገጥም አየሁ። የባሩ 10 ከ145 ጋር ገጠመ። የኪሎው 10 ደግሞ 142ን ትንሽ አለፍ ብሎ። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እዩ።

ለጎማ ብቻ ከሆነ ግን አትጨነቁ፤ 2.2 ኪሎ ማለት 2.16 ባር ገደማ ነው። የኔ ጌጅ ክላስ 1.6 (ስህተቱ ከሙሉ ስኬሉ እስከ 1.6 በመቶ ማለት ነው) ሆኖ እስከ 16 ባር ስለሚያነብ ራሱ እስከ 0.26 ባር ሊሳሳት ይችላል። ችግሩ 8 ኪሎን 8 ባር ብላችሁ ስትሞሉ ነው፤ በዚያ ላይ የጌጁ ስህተት ሲጨመር ከ0.4 ባር በላይ ልታልፉ ትችላላችሁ።

የማልወድለት ነገርም አለ። የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ ይህ ግን የትም አልተጻፈበትም። አሮጌ ሰነድ ላይ 3 አታ የሚል ካያችሁ የውጭው አየር ተደምሮበታል፣ ጌጁ ላይ 2 ኪሎ አካባቢ ነው የምታዩት። ይህን ማምታታት ከ2 በመቶው በጣም ይብሳል! ኪሎፓስካልም የለውም፤ እሱ ቀላል ነው፣ ባሩን በ100 ማባዛት ነው።

ሌላው፣ የመሃሉ የኪሎ ስኬል ቁጥሮች በጣም ደቃቅ ናቸው፤ መብራት ደብዘዝ ካለ አይነበቡም። እኔ መስታወቱ ላይ፣ ልክ 8 ኪሎው ጋ፣ በነጭ የጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አስምሬ ነው የምጠቀምበት።