ለአንዲት የወጣቶች አገልግሎት ሠራተኛ ምስጋና፣ አየርላንድ ላላችሁ ወላጆች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖቼ። ስሟን እዚህ የማልጠቅሰውን አንዲት ሴት ላመሰግን ነው። እንዲህ ባደባባይ መመስገን አትወድም፤ እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እግረ መንገዴንም ጎረምሳ ልጅ ላላችሁ የምጠቁማችሁ ነገር አለ።

ልጄ ወደ ደብሊን የመጣው በማይመች ዕድሜ ነው፤ ለሕጻንነት ያለፈ፣ ለአዋቂነት ያልደረሰ። ትምህርት ቤት አፉን ዘግቶ ይውላል፣ ቤት ሲመጣ ክፍሉን ዘግቶ ያመሻል። እኔ የፈረቃ ሥራ ላይ ነኝ። ሰፈራችን ባለው የወጣቶች ማዕከል የምትሠራው ይህች ሴት ልጄን ስትቀበለው ጥያቄ አላበዛችበትም። የፑል ዱላ አቀበለችው፣ በቃ። ከየት መጣህ፣ ምን ሆነህ ነው፣ ለምን አትናገርም የሚል ነገር የለም። ሲቆይ ራሱ ማውራት ጀመረ፤ መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለልጆቹ፣ በመጨረሻ ለእኔ። ቅደም ተከተሉ ትንሽ ቢያስቀናኝም አልተከፋሁም።

ከትምህርት ቤት ስለ ትራንዚሽን ዪር፣ ማለትም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መካከል ስለሚገባው የአንድ ዓመት ፕሮግራም ደብዳቤ ሲመጣ፣ ዓመቱ ግዴታ እንዳልሆነና ምን እንደሚሠራበት ቁጭ ብላ አስረዳችን። ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ ሲጠራኝም አብራኝ ሄደች። እዚያ እንደ ብዙ ሰው በእኔ ፈንታ አልተናገረችም። ከጎኔ ተቀምጣ ቃል ሲያጥረኝ ብቻ ታቀብለኝ ነበር። እናትነቴን ልጄ ፊት ያስከበረችልኝን ያህል ያስደሰተኝ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ሳንቲም አላስከፈለንም፤ የሚከፍለው መንግሥት ነው። ታሪኩን ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ቀድሞ ለተቸገሩ ወጣቶች የሚውለው ገንዘብ በተለያዩ ፕሮግራሞች ተበታትኖ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የሕጻናትና ወጣቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡ ምን ውጤት እንዳመጣ ገመገመ። ሥራው ይጠቅማል፣ ውጤቱን የሚያሳይ ማስረጃ ግን ተሟልቶ አይያዝም ተባለ፤ ፕሮግራሞቹም በአንድ እንዲጠቃለሉ ሐሳብ ቀረበ። ከዚያ የወጣው ዛሬ ዩ ቢ ዩ (UBU) የሚባለው ፕሮግራም ነው። በ2020 ሥራ ጀመረ፤ ከ10 እስከ 24 ዓመት ያሉትን ያገለግላል። ገንዘቡ ወደየአካባቢው የሚወርደው 16ቱ የትምህርትና ሥልጠና ቦርዶች፣ ማለትም ኢቲቢዎች በኩል ነው።

አገልግሎቶቹ የሚጠየቁባቸው ሰባት ውጤቶች አሉ፦ መግባባት፣ በራስ መተማመን፣ ማቀድና ችግር መፍታት፣ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት፣ ፈጠራና ምናብ፣ ጽናት፣ የራስንና የሌላውን ስሜት መረዳት። እኔ ብጠየቅ ግንኙነቱን ከሁሉም አስቀድመው ነበር፤ በልጄ እንዳየሁት ስድስቱ የመጡት እሱን ተከትለው ነው። ግምገማውን ግን አልቃወምም። ከደሞዜ የሚቆረጠው ግብር ያለበት ገንዘብ ነውና የት ገባ መባሉ ተገቢ ነው። የሚከብደው በሩ ላይ ስንት ልጅ እንደገባ መቁጠር ቀላል መሆኑ ነው፤ አንድ ዝምተኛ ልጅ እስኪናገር የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥት በየትኛው ሣጥን ይሞላል? የእኛዋ ሠራተኛ ውጤቱን ለመለካት የሚሞላውን መጠይቅ ልጆቹ ላይ አልወረወረችም። ማን እንደሚጠይቅና ለምን እንደሚጠይቅ ነገረቻቸው፣ የማይስማማቸውንም እንዲጽፉ አደረገች። ልጄ የማዕከሉ በር ቅዳሜም ይከፈት ብሎ ጻፈ። እሷ ያንን ሳትቀንስ ሪፖርቷ ውስጥ አስገባች።

አሁን ወደ ጥቆማው። የአካባቢያችሁን ኢቲቢ የወጣቶች ኃላፊ ጠይቁ፤ በዩ ቢ ዩ የሚደገፍ አገልግሎት በቅርባችሁ የት እንዳለ ይነግሯችኋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የአየርላንድ የወጣቶች ሥራ ሕግ መሠረት ተሳትፎው በፈቃደኝነት ነው፤ ስለዚህ ልጁን እየጎተታችሁ አትውሰዱት፣ ደጅ ላይም በእሱ ፈንታ አትናገሩ።

አንድ ነገር ለእኛ ለሐበሻ ወላጆች። ሠራተኛዋ እንደ ክፍል ኃላፊ መምህር ስለ ልጃችሁ ክስ አታቀርብላችሁም። ልጁ የነገራትን ጓዳችሁ ድረስ አታመጣም። የደኅንነት ጉዳይ ሲሆን ብቻ ለሚመለከተው ክፍል የማሳወቅ ግዴታ አለባት፤ ያንንም ለልጆቹ ከመጀመሪያው ትነግራቸዋለች። "ምን አለሽ?" ብላችሁ ብትጠይቋት ፈገግ ብላ "እሱን ጠይቂው" ትላለች። መጀመሪያ ያናድዳል፤ ልጄ የሚያምናት ግን ለዚህ ነው።

ማዕከሉ የወላጅ አስተያየት ሲጠይቅም አትለፉት። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ በአማርኛ ጻፉና የሚተረጉም ፈልጉ፤ ለቀጣዩ ዓመት ገንዘብ ሲጠይቁ ከሚያቀርቡት ማስረጃ አንዱ ይሆናል።

የትኛው ማዕከል እንደሆነ ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። አንቺ ደግሞ ይህን ልጄ ሲያነብልሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜም ከተፈቀደ ንገሪን።