የትኛው ካቻቪቴ ያዋጣል? ቬራ፣ ቬሰል፣ ክላይን እና የመርካቶው ስድስት ፍሬ

ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ሊመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደወለና «ምን ላምጣልህ?» አለኝ። እናታችን ከጎኔ ሆና «ቫይታሚን በለው» ትላለች። እኔ ካቻቪቴ አልኩት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «መርካቶ ካቻቪቴ ጠፋ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

አልጠፋም። መርካቶ ያለው ካቻቪቴ በኪሎ ቢሸጥ እንኳን አያልቅም። የኔ ችግር ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት ስድስት ፍሬ የያዘ ስብስብ ገዝቼ ነበር። ዘንጋቸው ላይ «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ማህተም አለ፤ እጀታቸውም ያምራል። በሳምንቱ የቁም ሳጥን ማጠፊያ ሳጠብቅ የአንዱ ጫፍ እንደ ጧፍ ተጠማዘዘ። መልሼ ወሰድኩት። ባለ ሱቁ ምንም ሳይናገር ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ቀጥሎ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ወንድሜ፣ ለካቻቪቴ ደግሞ ዋስትና ከየት ይመጣል?» አለኝ።

እውነት ከየት ይመጣል? ቢመጣስ እዚህ ለምንኖር ሰዎች ምን ይፈይዳል? ይሄን ሳጣራ ከረምኩ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የጀርመኑ ቬራ፣ የጃፓኑ ቬሰል፣ የአሜሪካኑ ክላይን እና ያ የተጠማዘዘው ጎን ለጎን ተኝተዋል።

ከእጀታው በፊት ጫፉ

ሱቅ ስንገባ ሁላችንም የምናየው እጀታውን ነው። ቀለሙን እናያለን፣ ጨበጥ እናደርገዋለን፣ ከዚያ ዋጋ እንከራከራለን። ጫፉን የሚያይ ጥቂት ሰው ነው። መስቀል የሚመስለው ጫፍ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም።

በጣም የተለመደው ፊሊፕስ ነው። በአሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ ስም ይጠራል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1936 ካዲላክ ላይ ከተጠቀመበት በኋላ ነው በዓለም የተስፋፋው። ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ ስለሚሄዱ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ስታዞሩት ራሱን ወደ ላይ ይገፋል። ሾልኮ ሲወጣ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። የተበላ ብሎን ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቃል።

ሁለተኛው ፖዚድራይቭ ነው። ከመስቀሉ ክንፎች መሀል አራት ቀጫጭን ጭረቶች ታያላችሁ። ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ቶሎ አይሾልክም። ከአውሮፓ የሚመጡ የቁም ሳጥንና የኩሽና ማጠፊያዎች ብሎን በአብዛኛው ይሄ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ቀን ሳጠብቀው የነበረው ብሎን ፖዚድራይቭ ነበር፣ የያዝኩት ካቻቪቴ ደግሞ ፊሊፕስ። ብረቱ ለስላሳ መሆኑ ባይካድም ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። ይሄን ለባለ ሱቁ አልነገርኩትም።

ሦስተኛው የጃፓን ደረጃ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ፊሊፕስ ይመስላል። ምልክቱ የብሎኑ ራስ ላይ፣ ከመስቀሉ ጎን ያለች አንዲት ትንሽ ነጥብ ናት። የድሮ ቶዮታ ካርቡራተር ወይም የጃፓን ሞተር ሳይክል ላይ ፈልጉ፣ ታገኟታላችሁ። ተራ ፊሊፕስ እዚያ ብሎን ውስጥ እስከ ታች አይገባም። ጫፉ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይዞርና ጠርዙን ይበላዋል። ከተማችን ደግሞ ከጃፓን በመጣ መኪና የተሞላች ናት። ጋራዥ ውስጥ ራሱ ያልተበላ ብሎን የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

ስለዚህ በጫፍ ከመዘንናቸው ለመኪና ሰው ቬሰል ይቀድማል። የጃፓኑንም ተራውን ፊሊፕስም በደንብ ይይዛል። ለቤት ዕቃ ሠራተኛ ቬራ ይሻላል፤ ፊሊፕሱንና ፖዚድራይቩን ለየብቻ ስለሚሠራ የትኛውን እንደያዛችሁ ታውቃላችሁ። በመስቀል ካቻቪቴ አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ቁጥር 2 ግዙ። በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነው።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ ልታጠብቁት ያሰባችሁትን ብሎን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። ጫፉ ላይ ሰክታችሁ ካቻቪቴውን አግድም ያዙት። ብሎኑ ሳይወድቅ ከቆየ ልኩ ነው። ከተንገዋለለ መልሱት። ባለ ሱቁ ያያችኋል፤ ይይ።

ምቾት ሃያኛው ብሎን ላይ

አንዴ ጨብጦ «ይመቻል» ማለት ቀላል ነው። ምቾት የሚታወቀው ግን ሃያኛው ብሎን ላይ፣ መዳፍ መቅላት ሲጀምር ነው። እጀታ በወፈረ ቁጥር በዚያው ጉልበት የበለጠ ያጠብቃል። ቀጭን ሲሆን ደግሞ የላላውን ብሎን በጣት ቶሎ ቶሎ ለማሽከርከር ይመቻል። ጥሩ እጀታ ሁለቱንም ቦታ አንድ ላይ የያዘ ነው።

ቬራ በዚህ በኩል ስሙ የገነነው በከንቱ አይደለም። ክራፍትፎርም የሚሉት እጀታቸው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ቅርጽ ነው፤ የመዳፍን ውስጥ ተከትሎ ያብጣል፣ ይጠባል። ከፊሉ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከፊሉ ለስላሳ ነው። ስታሽከረክሩት ጠንካራው መዳፋችሁ ላይ ይንሸራተታል፤ ስታጠብቁ ለስላሳው ይይዛል። ወደ ዘንጉ ያለው በኩል ስድስት ጎን ስላለው ጠረጴዛ ላይ አይንከባለልም። መሰላል ጫፍ ላይ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ ቅርጹ እጅን እሱ በፈለገው መንገድ ብቻ ያስይዛል። ባለቤቴ እጇ ትንሽ ነው፣ ትልቁን ቬራ አንዴ ሞክራ አስቀመጠችው።

እሷ የወደደችው ቬሰልን ነው። ኳስ የሚመስለው እጀታው መዳፍ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል፣ ከላይ ወደ ታች ለመግፋት ይመቻል። ለመስቀል ብሎን ደግሞ ግፊት ዋናው ነገር ነው። ጃፓኖች ከጉልበትህ ሰባቱን እጅ ለመግፋት፣ ሦስቱን ለማዞር አድርገው ይላሉ። እኛ ጉልበታችንን በሙሉ ለማዞር እናውለውና ብሎኑን እንሰድባለን።

ክላይን ቀጥ ያለ፣ ላስቲክ የለበሰ፣ ምንም ያልተራቀቀበት እጀታ ነው። ለደረቅ እጅ በቂ ነው፤ ዘይት ለነካው እጅ ግን ከቬራ ያንሳል። የመርካቶዬ ስብስብ በመጀመሪያው ቀን ከሁሉም የለሰለሰ ነበር፣ አልዋሽም። አሁን ላስቲኩ በላብ ይጣበቃል።

ብረቱ

«ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ማህተም የብረቱን ቅልቅል እንጂ እንዴት እንደተጠበሰና እንደቀዘቀዘ አይነግራችሁም። ጥንካሬው ያለው እዚያ ነው። ለስላሳ የቀረ ብረት እንደኔው ይጠማዘዛል። ከልክ በላይ የጠነከረ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል። በዓይን ስለማይለይ ስም ያለው ፋብሪካ ላይ ተጨማሪ ብር የምንከፍለው ለዚህ ነው።

ካቻቪቴን በመዶሻ አትምቱ ይባላል። ሁላችንም እንመታለን። እንግዲያው ለመመታት የተሠራውን ግዙ። ቬራ የሚመታ ሞዴል አለው፤ ዘንጉ እጀታውን አልፎ የብረት ቆብ ይዞ ይወጣል። ቬሰል ግን አንድ እርምጃ ሄዷል። ኢምፓክታ የሚባለው ሞዴሉ በመዶሻ ሲመታ ጫፉ ራሱ ብሎን ወደሚፈታበት አቅጣጫ 12 ዲግሪ ይዞራል። ዝገት የያዘውን የሞተር ብሎን አንዴ ቋ ሲያደርጉት ይለቃል። ከገዛኋቸው ሁሉ ያለ ቅሬታ የማወራለት ዕቃ ይሄ ነው። ክላይን ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ያላቸው አሉት፣ በቁልፍ ይዞ ለማዞር ይረዳል።

የድሮ አሜሪካ ካቻቪቴ ከዘመድ ወርሳችሁ ከሆነና ሳጥኑ ሲከፈት የትውከት ሽታ ከመጣ አትደንግጡ። አይጥ አልሞተም። ብርሃን የሚያሳልፈው የድሮ እጀታ የሚሠራበት ፕላስቲክ ሲያረጅ የሚያወጣው ሽታ ነው። በሳሙና አጥቡት፣ ሳጥኑን ክፍት አድርጉት።

ለኤሌክትሪክ ሥራ ሌላ ሂሳብ አለ። ላስቲክ መልበሱ ከኮረንቲ ይጠብቃል ማለት አይደለም። ሁለት የተደራረቡ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾችና 1000 ቮልት የሚል ምልክት ያለበትን ብቻ ግዙ። የጀርመኖቹ ቪሃና ቬራ ይሠሩታል፤ ቪሃ እያንዳንዱን በ10,000 ቮልት ፈትኖ ነው የሚያወጣው። የእኛ 220 ለመግደል ይበቃል፤ እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

ዋስትናው ለማን ነው?

ክላይን የተወለደው በጥገና ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 ቺካጎ ውስጥ አንድ የቴሌግራፍ መስመር ሠራተኛ የተሰበረ ፒንሳ ይዞ ወደ ማቲያስ ክላይን ብረት ቤት መጣ። ክላይን አንዱን ግማሽ ቀጥቅጦ ሠራለት። ሰውየው ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ፤ ሌላኛው ግማሽ ተሰብሮ። ያም ተሠራ። ዛሬ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፣ ከነገደቡ።

ገደቡ የሁሉም ነው። ዋስትና የሚሸፍነው የብረትና የአሠራር ጉድለትን ነው። በሥራ ብዛት ያለቀ ጫፍን፣ እንደ መሮ በመዶሻ የተመታን፣ በር ለመፈልቀቅ የታጠፈን አይደለም። የስዊዘርላንዱ ፒቢ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ መለያ ቁጥር ይቀርጻል፣ ዋስትናውም ጊዜ የለውም። ዋጋው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ለሰዓት ሠሪ ካልሆነ አልመክርም።

አሜሪካ ያለ ሰው ሌላ ምርጫ አለው። ክራፍትስማን እና ሆም ዲፖ የተባለው መደብር የሚሸጠው ሀስኪ ዋጋቸው መካከለኛ ነው፣ ብረታቸውም ቬራን አያክልም። ሆኖም የተሰበረውን ሱቅ ወስዶ ያለ ደረሰኝ በአዲስ መቀየር ይቻላል። ሱቁ አሥር ደቂቃ ከሆነ እኔም እሱን እገዛ ነበር። ወንድሜ ያለው ሀስኪ ነው፣ ትክክል ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን ያ ዋስትና ወረቀት ነው። የተሰበረውን ለመቀየር የሚመለስ መንገደኛ መጠበቅ፣ መለመን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሌላ መንገደኛ መጠበቅ ነው። ስለዚህ እኔ ለዋስትና አንድ ብር አልጨምርም። ብሬን የማይሰበረው ጫፍ ላይ አደርጋለሁ።

እዚሁ ለምትገዙ፣ ኢንግኮና ቶታልን የመሳሰሉ የቻይና ስሞች አሁን በየከተማው አሉ። ለቤት ሥራ ይበቃሉ። ዘንጉን ባንኮኒ ላይ አንከባልሉት፣ ከተንገዳገደ ጠማማ ነው። ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ደግሞ «ዛሬና ነገ ቢበላሽ ትቀይርልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደንበኛችሁ የሆነ ባለ ሱቅ «እቀይራለሁ» ካለ፣ ከቺካጎ ወረቀት ይልቅ እሱ ያዋጣል።

ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ በእጅ ሻንጣ እንዳይያዝ ንገሩ። የአሜሪካ ፍተሻ ከ7 ኢንች የሚረዝም መሣሪያ ወደ አውሮፕላን ውስጥ አያስገባም። ከ23 ኪሎው ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ።

ለወንድሜ በመጨረሻ የላክሁለት መልእክት ይሄ ነበር፦ ቬሰል ኢምፓክታ መስቀል ቁጥር 2፣ አንድ። ቬራ ፖዚድራይቭ ቁጥር 2፣ አንድ። ቬራ ጠፍጣፋ 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 1000 ቮልቱ፣ አንድ። የእማዬ ቫይታሚን፣ ሁለት ብልቃጥ።